ከባዝ እስከ ብራድፎርድ፣ በቦዩ ዳር

እማዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ ስትመጣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ "ጃንሆይ የኖሩበት ቤት ቅርብ ነው?" አለችኝ። ቅርብ ነው። የምኖረው ብሪስቶል ነው፤ ባዝ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ቅዳሜ ወሰድኳት። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት ነው። በኋላ፣ በ1958፣ አረጋውያን እንዲጠለሉበት ብለው ለከተማዋ ሰጥተውታል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን ስታይ ቆየች። "አገሩ ለምለም ነው። ቢያንስ ዓይናቸው አልተራበም" አለች።

ያንን አረንጓዴ በእግራችን ልንሄድበት የወሰንነው እዚያው ነው።

እሑድ ጠዋት ከባዝ ተነስተን ብራድፎርድ ኦን ኤቮን ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ጉዞ ጀመርን። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማዬ ሰባ ዓመቷ ስለሆነ ትንሽ ሰግቼ ነበር። መንገዱ ግን የኬኔት እና ኤቮን ቦይን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ውሃ ደግሞ ዳገት አይወድም። ከባዝ መውጫ ላይ ያለችውን አቀበት ካለፍን በኋላ እስከ መጨረሻው ሜዳ ነው ማለት ይቻላል።

አቀበቷ ራሷ ታስደስታለች። ጀልባ ዳገት የሚወጣው በውሃ ደረጃ ነው። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ጀልባው ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከደረጃዎቹ አንዱ 6 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። እኛ ስንደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለበሩ ግንድ ሰጥተው ይገፉ ነበር። እማዬ ሄዳ አብራቸው ገፋች። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አልከለከላትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠባብ የጠጠር መንገድ ድሮ የፈረሶች ነበር። ሞተር ሳይመጣ ጀልባውን በገመድ የሚጎትተው ፈረስ ነው። አንድ ድልድይ ሥር ስንደርስ እማዬ ቆመች። የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጣት የሚያስገቡ ቦዮች ተቦርቡረዋል። ጣቷን ከተተችና "ገመድ ነው" አለች። ገና አልነገርኳትም ነበር። "የጉድጓድ አፍም እኮ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስንት ዘመን ቢጎትቱ ነው!"

ብዙም አልጎተቱም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ቦዩ ጆን ሬኒ በሚባል መሐንዲስ ተሠርቶ በ1810 ተጠናቀቀ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ከለንደን ብሪስቶል ባቡር ገባ። በ1852 የባቡር ኩባንያው ራሱ ቦዩን ገዛው። ተፎካካሪህን ከገዛኸው አታደልበውም። ቀስ በቀስ በሮቹ በሰበሱ፣ ውሃው ሸሸ፣ አንዳንዱ ቦታ ደርቆ ሣር በቀለበት። የሚዘጋ ሲመስል ሰዎች ተነሱ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን አካፋ ይዘው ጭቃ ውስጥ አሳለፉ። በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው እንደገና መርቀው ከፈቱት። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ቲኬት የሚሄድበት መንገድ የተረፈው ስማቸውን በማላውቃቸው በነዚያ ሰዎች ጉልበት ነው። እየተራመድኩ ደጋግሜ አመሰገንኳቸው።

መንገደኛው ሁሉ ሲያልፍ "ሞርኒንግ" ይላል። እማዬ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብላ "እንደምን አደራችሁ" ትላለች። ማንም ግራ ሲገባው አላየሁም።

ክላቨርተን አካባቢ ሳማ ነደፈኝ። የእንግሊዝ ሳማም ያው ሳማ ነው፤ እጄ ወዲያው ተቆጣ። ውሻ ይዘው የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው ሰፋ ያለ ቅጠል ቀጠፉና "እሺበት" ብለው ሰጡኝ። እማዬ ቅጠሉን ከእጄ ነጥቃ አገላበጠችው። "ይሄማ ቱልት አይደለም እንዴ!" ዘመዱ ነው። አሸችልኝ። ሕመሙ በቅጠሉ ይሁን በእጇ አላውቅም፣ በረደልኝ።

ምሳ ዳንዳስ ድልድይ ላይ በላን። ይኼን ቦታ ደህና አድርጌ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ቦዩ ሸለቆው ጋ ሲደርስ አይዞርም። በቢጫው የባዝ ድንጋይ በተሠራ ድልድይ ላይ፣ ውሃው እንደተኛ፣ ወንዙን ከላይ ይሻገረዋል። ድልድዩ 137 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለን ዳቦና ቆሎ አወጣን፣ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳን። ከኋላችን አንድ ረጅም ቀጭን ጀልባ፣ ጣሪያው ላይ የአበባ ማሰሮና የማገዶ እንጨት ጭኖ፣ በሰው እርምጃ አለፈ። ከሥራችን ኤቮን ወንዝ ይፈሳል። በወንዙ ዳር ደግሞ ባቡር ተወርውሮ ሄደ። እማዬ ሻይዋን እንደያዘች ረሳችው። "ውሃ በውሃ ላይ" አለች ዝም ብላ ቆይታ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዛፍ ጥላ ነው፤ በግንቦት ነጭ አበባ ያወጣው የዱር ነጭ ሽንኩርት ጫካውን ወጥ ቤት ወጥ ቤት ያሸትተዋል። አቮንክሊፍ ላይ ሁለተኛ ድልድይ አለ፤ መሃሉ ሰርጎድ ብሏል።

ብራድፎርድ ስንገባ ከአሥር ሰዓት አልፏል። ከቦዩ ወረድ ብሎ አንድ ግዙፍ የእህል ጎተራ አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፣ ርዝመቱ 51 ሜትር፣ ጣሪያው ድንጋይ። የሻፍትስበሪ ገዳም መነኮሳዪያት የእርሻቸውን ምርት ያከማቹበት ነበር፤ ሰዉ ግን የአሥራት ጎተራ ይለዋል። ይህን ስነግራት እማዬ ፊቷ ተለወጠ። ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን የሚገብርበት አሥራት እኛ አገር የቀረው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። "የአባዬን እህል ገና ሳይታጨድ ገማቾቹ መጥተው ይገምቱበት ነበር። ሁልጊዜ አብዝተው ነው የሚገምቱት" አለች።

ጎተራው ውስጥ ማንም አልነበረም። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ትልልቅ በሮች አሉ። እማዬ በሁለቱ መካከል ሄዳ ቆመች። ነፋሱ ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የነጠላዋን ጫፍ አነሳው።

"አውድማው እዚህ ጋ ነው" አለች። "ነፋሱን አየኸው? ገለባው በዚያ ይሄድላቸዋል።" ከዚያ በሁለት እጇ መንሽ እንደያዘ ሰው፣ አንዴ፣ ወደ ላይ በተን አደረገች።