ምረጪ አለኝ

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። ዛሬ ተኩስ አልሰማንም። መብራት አለ፣ ውሃም ጠዋት መጥታ ነበር። እንዲሁ ግን ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ዋለ።

የትንሿን የክትባት ካርድ ልፈልግ ብዬ ነው ፌስታሉን ያወረድኩት። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የሚንጠለጠለውን። ቢጫ ነው፤ አፉ ሁለቴ ተቋጥሯል፤ ውስጡ ሌላ ፌስታል አለ። የቤት ካርታ፣ የኔ ዲግሪ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ የእማዬ የጡረታ ደብተር። እንዲህ አድርጌ ያሰርኩት ነሐሴ 2015 ላይ ነው፣ ጦርነቱ እዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ የገባ ሳምንት። ድንገት ውጡ ብንባል በአንድ እጄ ልጅ፣ በሌላው ይህንን ይዤ እንድወጣ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ባስፈለገ ቁጥር እፈታዋለሁ፣ መልሼ እንደዚያው አስረዋለሁ። ምስማሩ ከክብደቱ የተነሳ ወደ ታች ጎብጧል።

ካርዱን እየፈለግኩ ስልክ ጮኸ። ታናሼ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰኝም።

«እታለም፣ በቃ ምረጪ። ሰላም የሆነውን ክልል ንገሪኝ፣ ቤቱን እኔ እፈልጋለሁ። እማዬንም ይዘሻት ነው የምትወጪው።»

«የት ነው ሰላም የሆነው?»

«እሱን ነው እኮ ምረጪ የምልሽ። እስከ ዓርብ አሳውቂኝ።»

ካርዱን ረሳሁት። የትልቁን ልጅ መጽሐፍ አወጣሁና ካርታው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። መጽሐፉ አሮጌ ነው፣ ደቡብን ገና አንድ ክልል አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሲዳማ የወጣው በ2012 ነው፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ የቀረው ደግሞ በ2015 ለሁለት ተከፈለ። እርሳስ ያዝኩና ከዚያው ጀመርኩ።

ሐዋሳ። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ሄጄ ወድጃታለሁ። ሐይቁ ዳር ማታ ማታ ሰው ከልጆቹ ጋር ሲንሸራሸር አይቼ ቀንቼ ነበር። ሐምሌ 2011 ትዝ አለኝ፣ በክልልነት ጥያቄው ሰበብ ሰው የሞተበት። አሁን ሰላም ነው ይላሉ፣ እኔም አምናለሁ። ብቻ ከጎኑ 2011 ብዬ ጻፍኩ።

ዝቅ ስል ጎፋ። ሐምሌ 2016። እዚያ ጥይት አልነበረም፣ ዝናብ ነው። ተራራው ተናደ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ በሮጡት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው። ያን ሰሞን በእጃቸው ጭቃ የሚቆፍሩትን ሰዎች በስልክ አይቼ ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር።

ድሬዳዋ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው ከነእንቅልፉ ወሰደ። ጅግጅጋ፣ 2010፣ በሁከቱ ሰው የሞተበት። አዋሽ ፈንታሌ፣ ታኅሣሥና ጥር 2017፣ መሬቱ አልረጋ ብሎ ሕዝቡ ከቀዬው የወጣበት። ያኔ አዲስ አበባም ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኸው አሁን ምረጪ የሚለኝ ታናሼ፣ በሌሊት በፒጃማ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወርዶ ነው የደወለልኝ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። ደብረ ብርሃንን አሰብኩ። እሷ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት የተጠለሉባት ናት።

ቀና ብዬ ሳየው ካርታው በዓመተ ምሕረት ተሞልቷል።

እማዬ ቡና እየቆላች ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ደህናው ቦታ የሚያውቅሽ ሰው ያለበት ነው» አለችኝ። ድሮ ቢሆን እሺ እል ነበር። አሁን ግን እገታ አለ። ልጁ የታገተበት ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። የደወለለት ሰው የሱቁን ገቢ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ከየት አወቀው? ለእማዬ ግን ይህን አልነገርኳትም። እንቅልፏ በቀላሉ ነው የሚሸሻት።

ጎንደርንስ? ለራሷ የትኛውን ዓመት ልጻፍላት? እሷም እኮ ተመርጣ ነው የተቆረቆረችው። ነገሥታቱ በድንኳን ሲዞሩ ኖረው፣ ፋሲል በ1628 ገደማ እዚህ ረጋ። ከጣና ዳር ወባ ሸሽቶ ነው የሚሉ አሉ። ደጋ ነው፣ በቀኝም በግራም ወንዝ አለ፣ ቀሃና አንገረብ። ደህና ቦታ ብሎ መሆን አለበት። ከዚያ በ1880 ድርቡሽ ከሱዳን መጥቶ አቃጠላት። የእዚሁን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ንብ ተነሥቶ አዳነው ስትለን ነው እማዬ ያሳደገችን። ኅዳር 1934 ደግሞ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እዚሁ ተዋግቶ እጁን ሰጠ። ኅዳር 2013 አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት ወደቀ፤ እኛ ቤት መስኮቱ ነዘረ። ቦታ አጣሁ፣ ኅዳጉ ላይ ነው የጻፍኩት።

ይህን ስጽፍ ነው ያቺ ሴት ፊቴ ላይ የመጣችው።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገባ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለውን ሰርቪስ ቤት አንዲት ሱዳናዊት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራየች። አማርኛ እዚያ አብሯት ይሠራ ከነበረ ከእኛ አገር ሰው የለቀመችው ትንሽ ትንሽ ነበራት። እሷም ፌስታል ነበራት፣ ጥቁር፣ በሻሿ ውስጥ ይዛው ነው የምትንቀሳቀሰው። ውስጡን አላየሁም፣ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን፣ ወደ አዲስ አበባ ልቀጥል ወይስ እዚህ ልቀመጥ ብላ አማከረችኝ። ገንዘቧ ለሁለቱም አይበቃም። ወይ መንገዱ፣ ወይ የቤት ኪራዩ። ልጆቿ ጎንደርን እንደለመዱ፣ ብርዱ እንደሚስማማቸው አይቼ ነበር። «ቆዪ» አልኳት። «እዚህ ሰላም ነው፣ ሰዉም ጥሩ ነው፣ ምንም አትሆኚም።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። የስድስት ወር ኪራይ ከፈለች።

ነሐሴ ላይ ተኩሱ ሲጀምር እኔ ፌስታሌን እያሰርኩ ነበር። በግድግዳው በኩል የልጆቿ ልቅሶ ይሰማኛል። ለነሱ ይህ ሁለተኛቸው ነው። ሲረግብ ሄጄ አንኳኳሁ። «አንቺ ምን ታደርጊ» እንኳ አላለችኝም፣ ዝም ብላ ሻይ ቀዳችልኝ። ከወር በኋላ ለቀቀች። ስልኳ አይሠራም። ኪራይ ተመላሽ አልተደረገላትም።

ከልቤ ነበር ያልኳት። ያን ቀን ታናሼ ቢጠይቀኝም ያንኑ ነበር የምመልስለት።

አሁን ተራዬ ደርሶ ምረጪ ስባል፣ ለልጆቼና ለእማዬ ስል ካርታው ላይ ጎንበስ እላለሁ። ዓርብ ከነገ ወዲያ ነው። እማዬ ተኝታለች፣ ፌስታሉ አልጋው ላይ እንደተፈታ ነው። የክትባት ካርዱን አላገኘሁትም። ታናሼ ሲደውል የአንዱን ከተማ ስም እጠራ ይሆናል። ግን «እዚያ ሰላም ነው» የሚለኝ ሰው ከየት አውቆ ነው የሚለኝ?