ማር ዑቅባና የእናቴ ካርቶን

ሰሞኑን ማር ዑቅባ የሚባል የጥንት የአይሁድ ሊቅ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ታሪኩ ታልሙድ በተባለው የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ሰውየው በየቀኑ 4 ዙዝ (የጥንት የብር ሳንቲም) በድሃ ጎረቤቱ በር ሽንቁር ጥሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ድሃው "ይህን ደግ ሰው ዛሬስ አየዋለሁ" ብሎ ጠበቀው። በሩ ሲነቃነቅ ተከትሎ ወጣ። ማር ዑቅባና ሚስቱ እግሬ አውጪኝ አሉ፤ እሳቱ ገና የተጠረገ ምድጃ ውስጥ ገብተው ተደበቁ። ሰው ከማሳፈር መቃጠል ይሻላል ብለው ነው። የባልየው እግር ሲለበለብ የሚስቱ ደህና ሆነ። እሷ ቤት ውላ ለድሃ የምትሰጠው የሚበላ ነገር ነዋ! እሱ ግን ገንዘብ ሰጥቶ ገበያ ይልከዋል።

ይህን ያስታወሰኝ ካርቶን ነው። እዚህ እስራኤል ፔሳሕ (የአይሁድ ፋሲካ) ሲደርስ ለችግረኛ ዘይቱ፣ ማጻው (የፋሲካው ቂጣ)፣ ወይኑ በካርቶን ይታደላል። ዘንድሮ ለእናቴም መጣላት። ያመጡት ልጆች ጨዋ ናቸው። ግን አንዱ ስልኩን አወጣና "እማማ፣ ካርቶኑን ይያዙትና ወደዚህ ይዩ" አላት። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችለት። እኔ ደሜ ፈላ።

የአይሁድ ሊቁ ራምባም (ማይሞኒደስ) በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጸዳቃን፣ ማለትም ምጽዋትን፣ በ8 ደረጃ ከፍሎታል። ፊት አጥቁሮ መስጠት መጨረሻ ላይ ነው። ሰጪና ተቀባይ ሳይተዋወቁ የሚሰጠው ሁለተኛ። ፎቶ እያነሱ መስጠትን የት ይመድበው ነበር? ፊት ለፊት መስጠቱ እንኳ አይከፋኝም፤ የማር ዑቅባ ሚስትም እጅ በእጅ ነበር የምትሰጠው። የከፋኝ ካሜራው ነው።

ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውየው ከነጭራሹ ተመጽዋች እንዳይሆን ማድረግን ነው፦ ማበደር፣ ሥራ መስጠት፣ ሸሪክ ማድረግ። ብድሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕፃን አልጋ፣ መድኃኒት ሳይቀር በነጻ የሚያውሱ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ገማሕ ይባላል። ትልቁ ያድ ሳራ ነው። ኡሪ ሉፖሊያንስኪ፣ ኋላ የኢየሩሳሌም ከንቲባ የሆነው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. መሠረተው። ክራንች፣ ዊልቼር፣ የኦክስጅን መሣሪያ ያውሳሉ። እናቴ እግሯ ሲሰበር ዊልቼር የወሰድነው ከዚያ ነው። መያዣ አስያዝን፣ ፈረምን፣ አለቀ። ድሃ ናችሁ ወይ ያለን የለም። ሀብታሙም እዚያው ይሰለፋል።

ዊልቼሩን መልሰን መያዣውን ስንቀበል እናቴ ከላዩ ቀንሳ ለጸዳቃ ሣጥን ሰጠች። ራምባም በምጽዋት የሚኖር ሰው እንኳ መስጠት አለበት ይላል። እኔ ደረሰኝ ልጠይቅ ስል ገላመጠችኝ።