ቢካ፦ የሊዝበን ቡና ስምና ሰበቡ

ሊዝበን ውስጥ «ኤስፕሬሶ» ብሎ ማዘዝ ነውር ባይሆንም እንግድነትን ያሳብቃል። የከተማው ሰው ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ «ኡማ ቢካ» ይላል፤ አንድ ቢካ። ቆሞ ይጠጣና በሁለት ጉንጭ ጨርሶ ይሄዳል። ከአቦል እስከ በረካ ተረጋግቶ መቀመጥ ለለመደ ሰው ይህ ጥድፊያ አይዋጥለትም።

የስሙን ታሪክ የሰማሁት ሺያዱ ሰፈር፣ አ ብራዚሌይራ ካፌ ደጃፍ፣ ከገጣሚው ፈርናንዱ ፔሶዋ የነሐስ ሐውልት አጠገብ ነው። ካፌውን እ.ኤ.አ. በ1905 የከፈተው አድሪያኑ ቴሌስ ብራዚል ኖሮ የተመለሰ ነጋዴ ነበር፤ የሚሸጠውም የብራዚልን ቡና። አንድ አስጎብኚ እንዳወራው ከሆነ፣ ደንበኞቹ በምሬቱ ፊታቸውን ስላጨማደዱ «ቤባ ኢሽቱ ኮም አሱካር»፣ ማለትም «ይህን በስኳር ይጠጡ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈላቸው። የአራቱ ቃላት የመጀመሪያ የላቲን ፊደላት ሲገጣጠሙ «ቢካ» ይሆናሉ። ጎብኚዎቹ ተደሰቱ። እኔ እንዲህ እንከን የማይወጣለት ታሪክ ስሰማ እጠረጥራለሁ። የስኳሩን ነገር ግን አልክድም፤ ፖርቱጋሎች እስከ 1975 ቅኝ ግዛታቸው ከነበረችው ከአንጎላ ይመጣ የነበረውን ሮቡስታ የተባለ መራራ የቡና ዝርያ ለምደዋል፤ ዛሬም ከአረቢካ ጋር ይቀላቅሉታል። አረቢካ ይዞ ላደገ ምላስ ይከብዳል።

«ቢካ» ከቡናው በፊት የነበረ ተራ ቃል ነው፦ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ወይም የቧንቧ አፍ። ቡናው ከማሽኑ አፍ በቀጥታ ስኒው ውስጥ ስለሚወርድ ስሙን ከዚያ አገኘ የሚለው ትርጓሜ ይበልጥ ያሳምነኛል። ከሺያዱ ብዙም ሳይርቅ ራሱ ቢካ የሚባል ሰፈር አለ። በ1892 ሥራ የጀመረች፣ ዳገቱን በገመድ የምትሳብ ቢጫ ባቡር አለችው፤ ግርጌው ላይ ደግሞ «ቢካ ዱሽ ኦልዩሽ»፣ የዓይን ምንጭ እንደማለት፣ የሚባል አሮጌ የውሃ መውረጃ ይገኛል። ውሃው የታመመ ዓይን ያድናል ተብሎ ይታመንበት ነበር። እኛ ብንሆን ጠበል እንለው ነበር። ከሰሌዳ ፊደላት ይልቅ ለዚህ ምንጭ የሚያደላው ልቤ ምናልባት በዚሁ የተነሳ ይሆናል።

በባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ፖርቱ ስሄድ ቢካ አብሮኝ አልዘለቀም። እዚያ ያው ቡና «ሲምባሊኑ» ይባል ነበር፤ ላ ቺምባሊ ከተባለው የሚላኖ የቡና ማሽን አምራች የተወሰደ ስም ነው። በቃሉ ሳዝዝ ወጣቱ አስተናጋጅ ፈገግ ብሎ አያቱ እንዲህ ይሉ እንደነበር ነገረኝ። እርሱና እኩዮቹ «ካፌ» ብቻ ይሉታል።