ደቅስዮስን ስላይድ ላይ ያየሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጣሊያን የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው የሁለት ቀን ወርክሾፕ ላይ ነበርኩ። ርዕሱ ረዥም ነው፣ ባጭሩ በመካከለኛው ዘመንና ከሱ ቀጥሎ ባሉት ሁለት መቶ ምናምን ዓመታት በሜዲትራኒያን ዙሪያ የነበረው ባህል ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እንዴት ይሻገር እንደነበር ነው። ቴሌግራም ላይ እንዴት ነበር ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ነገሩ ደግሞ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስለ ካይሮ ጌኒዛ ነበር። ፉስጣጥ፣ ማለትም በድሮው ካይሮ፣ ቤን ዕዝራ የሚባል ምኩራብ አለ፣ እዚያ የነበሩት አይሁዶች የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም ብለው ያገለገለውን ወረቀት ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሲያጠራቅሙ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሩ፣ ከዚያ በ1896 እና 97 ሰለሞን ሼክተር የሚባል ምሁር አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ ወሰደው፣ እዚያ ያለው ብቻ ከ190 ሺህ ቁራጭ በላይ ነው። የጋብቻ ውል አለ፣ የነጋዴ ደብዳቤ አለ፣ ሕፃን ልጅ ፊደል ሲማርበት የነበረ ወረቀት ሳይቀር አለ። ብዙው ዐረብኛ ሆኖ የተጻፈው ግን በዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ እኛ ስልክ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል እንደምንጽፈው ማለት ነው። ሰው በሚያውቀው ፊደል የሚናገረውን ቋንቋ ይጽፋል፣ ድሮም እንደዚያው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ ወደብ ቃላት አንድ አጭር ነገር ቀረበ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ጉምሩክ የምንለው ቃል መነሻው ላቲን ነው፣ ኮሜርኪዩም፣ ንግድ ማለት። ግሪኮቹ ኮሜርኪዮን ብለው ቢዛንታይን ውስጥ የንግድ ቀረጥ ስም አደረጉት፣ ቱርኮቹ ጉምሩክ አሉት፣ ዐረቦቹም ተቀበሉት፣ ከዚያ እኛ ጋ ደረሰ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በትራንዚተርነት ነው የሠራው፣ ይሄን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሲል ነው ያደግኩት፣ እኔ ግን በቁስጥንጥንያ በኩል ዞሮ የመጣ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መጋዘንና ታሪፍም እንደዚሁ ዐረብኛም ጣሊያንኛም ውስጥ የተመላለሱ ቃላት ናቸው።

ግን ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለሁለተኛው ቀን ነው።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ስፔናዊት ተመራማሪ ስለ ቶሌዶ ከተማ ልታቀርብ ተነሳች። መጀመሪያ ስለ ከተማዋ ነገረችን፣ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በሙስሊሞች እጅ እንደነበረች፣ በ1085 የክርስቲያኖቹ ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ እንደያዛት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ዐረብኛ የሚናገሩና የሚጽፉ ክርስቲያኖች እንደኖሩባት። ከዚያ አንድ ሥዕል ስላይዱ ላይ አወጣች። ሙሪሎ የሚባለው የሴቪያ ሰዓሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሳለው ነው፣ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ነው ያለው። እመቤታችንን መላእክት ከበዋታል፣ አንድ ጳጳስ ፊቷ ተንበርክኳል፣ እሷ ልብስ እየሰጠችው ነው።

ስፔናዊቷ ማብራራት ቀጠለች፣ ይሄ ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ይባላል፣ ከ657 እስከ 667 የቶሌዶ ጳጳስ ነበር፣ ስለ እመቤታችን ድንግልና መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፣ በዚህ ደስ ተሰኝታ ተገለጠችለትና ከሰማይ የመጣ ልብስ ሰጠችው፣ እሱ ካረፈ በኋላ ግን ሌላ ጳጳስ ተተክቶ... አለች። እኔ እዚህ ጋ ትንፋሼ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ! የተተካው ሰውዬ ልብሱን ልልበስ፣ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ይላል፣ ይቀሰፋል። ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ጠዋት ታምረ ማርያም ሲነበብ ሁላችንም ቆመን ነበር የምንሰማው፣ ያመመው አሮጊት እንኳን መቋሚያውን ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። ጥልጥልያ በምትባል አገር ደቅስዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ነበር። እናንተም እኮ ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ 22 ቀን የሚታሰበው ደቅስዮስ!

ጥልጥልያ የት ነው ብዬ በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም። ለኔ የታምር አገር ነበረች፣ ካርታ ላይ የማትገኝ። እና አሁን ስላይዱ ላይ የቶሌዶ ካቴድራል ፎቶ አለ፣ እመቤታችን ስትገለጥ እግሯ ያረፈበት ነው የሚባል ድንጋይ አለ፣ ሰዉ በፍርግርጉ ጣቱን አስገብቶ ይነካዋል፣ ይሳለመዋል። ልክ እኛ የምናደርገውን ነው የሚያደርጉት።

ሻይ ሰዓት ላይ ወደ ስፔናዊቷ ሄጄ ነገርኳት። የተረከችውን ታሪክ እኛ በየቤተክርስቲያናችን እናነበዋለን አልኳት። የኢትዮጵያው መጽሐፍ የኢልዴፎንሶ ታሪክ እንዳለው በጽሑፍ አንብባለች፣ ለምሁራኑ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዛሬም በየደብሩ ለሕዝብ እንደሚነበብ ግን አታውቅም ነበር፣ ሲነበብ ቆሞ የሰማ ሰውም አግኝታ አታውቅም። ጠረጴዛው ጋ አንድ ግብፃዊ የፒኤችዲ ተማሪ ነበር፣ እሱም ተቀላቀለንና ሦስታችን ስሞቹን እየፈታን የሻዩ ሰዓት አለቀ።

ስሞቹን ልንገራችሁ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ላይ ነው። ከተማዋ በላቲን ቶሌቱም ናት፣ በዐረብኛ ግን ጡለይጡላ፣ ሁለቱም ጡ በጠንካራው ጠ። የኛ መጽሐፍ ጥልጥልያ ነው የሚላት፣ ሁለት ጥ! እነዚህ ሁለት ጥ-ዎች ከዐረብኛው ጡለይጡላ ጋር ይገጥማሉ፣ ታሪኩ በዐረብኛ በኩል እንዳለፈ ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ ናቸው። ደቅስዮስስ? ኢልዴፎንሶ ውስጥ ቀ የለም። ግብፃዊው ልጅ የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጦ በእስክሪብቶ ጻፈልን፣ በዐረብኛ ቃል መሀል ላይ ሲገቡ ፋ እና ቃፍ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፣ አንዷ አንድ ነጥብ አላት፣ ሌላዋ ሁለት። ደፍስዮስ ብሎ ጀመረ፣ አንድ ነጥብ ጨመረባት፣ ደቅስዮስ ሆነ። ግምት ነው አለ እሱ፣ እኔም እንደ ግምት ነው የምነግራችሁ፣ ግን ያቺን ነጥብ ሲያስቀምጣት ሳይ የሆነ ሌሊት ላይ በመብራት ሲገለብጥ ዓይኑ የደከመው ጸሐፊ ታየኝ።

መንገዱ በግምት እንዲህ ነው፣ የእመቤታችን ታምራት በምዕራብ አውሮፓ በተለይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን እየተሰበሰቡ ተጻፉ፣ የመስቀል ጦረኞች በያዙት በምሥራቁ የባህር ዳርቻ በኩል ወደ ዐረብኛ ገቡ፣ ግብፅ ደረሱ፣ ከዚያ በአጼ ዳዊት ዘመን (1382–1413) ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎሙ፣ ልጃቸው አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በቤተክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። በመንገድ ላይ የግብፅም የኛም ታምራት እየተጨመሩ መጽሐፉ አደገ። አንድ የገረመኝን ልጨምር። ጎንሳሎ ዴ ቤርሴዮ የሚባለው የስፔን ባለቅኔ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእመቤታችንን ታምራት በግጥም ሲጽፍ የመጀመሪያው ታምር የኢልዴፎንሶ ነው፣ ከድሮዎቹ የላቲን ስብስቦችም በሱ የሚጀምሩ አሉ፣ የኛም ታምር የሚጀምረው በደቅስዮስ ነው። ባህርና በረሃ ተሻግሮ፣ ሦስት ቋንቋ ቀይሮ፣ ወረፋውን እንኳን አልለቀቀም።

ቀኑ ደግሞ አለ። መጋቢት 29 ብሥራት ነው፣ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሰረበት፣ ግን ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል እንደልብ አይከበርም፣ ደቅስዮስ ነው ገና ሳይደርስ ታኅሣሥ 22 እንዲከበር ያደረገው ይባላል። ይሄን ለስፔናዊቷ ስነግራት ዲሴምበር 18 አለችኝ ቶሎ ብላ። በ656 ቶሌዶ ላይ የተደረገው 10ኛው ጉባኤ በትክክል በዚህ ምክንያት፣ በዓሉ ጾምና ፋሲካ ላይ ስለሚገጥም፣ ብሥራት ዲሴምበር 18 ይከበር ብሎ ወስኗል፣ ኢልዴፎንሶ ጳጳስ ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው። እዚያው ወረቀት ላይ ቆጠርኩት። የኛ ገና ታኅሣሥ 29 በድሮው የጁልያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው፣ ሰባት ቀን ወደ ኋላ ሲኬድ ታኅሣሥ 22፣ ዲሴምበር 18። አንድ ቀን እንኳን ዝንፍ አላለም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ጎጃም ውስጥ እናቴ በየዓመቱ ንፍሮ ቀቅላ የምታስበው ቀን ስፔን ውስጥ ከ1,300 ዓመት በላይ በፊት የተወሰነ ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ በውይይቱ ላይ እጄን አውጥቼ ይሄንኑ ተናገርኩ። ያልኩት ባጭሩ እንዲህ ነው፣ የሜዲትራኒያን ታሪክ ስትጽፉ ግዕዝን ከጠረጴዛው ዳር አታስቀምጡት፣ እዚህ የጠፋ ወይም የተረሳ ነገር እዚያ በየገጠር ደብሩ እየተነበበ ነው። ለኛም ለራሳችን ይሄንኑ እላለሁ። ግዕዙን እንደ ውሃ የሚጠጡት መሪጌቶቻችን ዐረብኛና ላቲን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው የለም፣ ላቲን የሚያውቁት ደግሞ ግዕዝ አያነቡም፣ ታሪኩ ሁለቱም መሀል ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ይጠብቃል።

አንድ ጣሊያናዊ የቤተመጻሕፍት ባለሙያ ይሄን ሲሰማ ስክሪኑ ላይ የአንድ መጽሐፍ ገጽ አወጣልን። የአባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳን ነው፣ ሮም ላይ በ1548 እና 49 የታተመው። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው፣ በግራኝ ጦርነት ዘመን ከአገር ወጥተው በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገቡ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን በስተጀርባ በነበረው የሐበሾች ቤት፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ተቀመጡና የያዙትን ብራና አስተካክለው አሳተሙት። ፊደሉን የለቀሙት ጣሊያኖች ግዕዝ አያነቡም፣ አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው ደግሞ ማተሚያ አያውቁም። መጽሐፉ ላይ ይሄንኑ ጽፈው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ያተሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አንችልም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እኛ እነሱን እነሱ እኛን ረዳን፣ እኛንም እነሱንም ይቅር በሉን ነው የሚሉት ባጭሩ።

ገጹን ቀርቤ አየሁት። ፊደሎቹ ዛሬም ይነበባሉ፣ ጥርት ብለው፣ አንዳንዱ ቦታ ተዛብቷል። እነዚያ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይረዳ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው፣ ያኛው ተው ይቺ ተገልብጣለች ሲል ያኛው ሲያስተካክል፣ ይሄን ሁሉ ገጽ ጨረሱት። በጣም ነው የማከብራቸው፣ ሁለቱንም ወገን።

ወርክሾፑ ሲያልቅ ስፔናዊቷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በነሱ የድሮ ትረካ እመቤታችን የተገለጠችው ራሱ ኢልዴፎንሶ ይቀመጥበት በነበረው የዝሆን ጥርስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም፣ አንድ የደፈረ ጳጳስም መንበሩን አጥቶ ተሰደደ ይላል። እኔ ደግሞ በኛው ወንበሩንም እሷ ነች የሰጠችው ብያታለሁ። ታዲያ ወንበሩ መቼ ነው ስጦታ የሆነው፣ እስቲ የናንተው ምን እንደሚል በትክክል ልትነግሪኝ ትችያለሽ አለችኝ። መጽሐፌ እዚህ የለም፣ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ቤት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እማዬ ጋ ደወልኩ። እማ ደቅስዮስ ወንበሩን ከየት ነው ያገኘው አልኳት። ምነው ልጄ ደህና ነሽ አለች መጀመሪያ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ደቅስዮስ ምን አስጠየቀሽ። ነገርኳት፣ አገሩ እውነት አገር ነው እማ፣ ስፔን ነው፣ ባቡር ይሄድበታል። ዝም አለች። ከዚያ ቆይ መጽሐፉን ላምጣው፣ ከአፌ ስሕተት እንዳይወጣ አለች፣ ሳጥኑን ስትከፍት ተሰማኝ፣ መነጽሯን ስትፈልግ፣ እህቴን ስልኩን ያዥልኝ ስትላት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው እማ ጉልበትሽን ያምሻል አልኳት። ታምር ቁጭ ተብሎ ይነበባል እንዴ አለችኝና ማንበብ ጀመረች።

እኔም ከአግዳሚው ተነሳሁ።