ጆሮ የማይደፍን ኤርፎን እስካገኝ

እናቴ የምትጠራኝ በአፏ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗን ያዛት፤ ንግግሯም አብሮ ሄደ። አሁን የምትጠራኝ በግራ እጇ ባለው የብር ቀለበት የአልጋውን ብረት እየመታች ነው። ሁለቴ ከመታች ውሃ ፈልጋለች፤ ደጋግማ ከመታች ቶሎ ነይ ማለቷ ነው። የዚያችን ቀለበት ድምፅ ሳላጣ ሥራዬን የምሠራበት ዘዴ ለማግኘት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አብዛኛው ጊዜ የባከነው አስቀድሞ የሚመክረኝ ሰው በማጣቴ ስለሆነ፣ እንደኔ ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ይዞ በጆሮው የሚሠራ ሰው ካለ ያንብበው።

ሥራዬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ለማስተርስ ተማሪዎች። የአንድ ሰዓት ቅጂ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሰዓት ይወስድብኛል። ሰዎቹ ለቤተሰባቸው ያልነገሩትን ነው ለጠያቂው የሚናገሩት፤ ስለዚህ በስፒከር ከፍቼ መሥራት አልችልም። ቤታችን ጎንደር፣ ሳሙና በር አካባቢ ነው፣ ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሌሊት፣ የጎማ ጫፍ ባለው ተራ ኤርፎን እየሠራሁ ሳለ እናቴ ወደቀች። ከመጀመሬ በፊት ገብቼ አይቻታለሁ፣ ተኝታ ነበር። ቀና ስል ቅጂው 38ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል፤ እኔ ግን እየመለስኩ ስለምሰማ ሲቆጠር ከሁለት ሰዓት በላይ ሄዷል። ወለሉ ላይ አገኘኋት። አጥንቷ አልተሰበረም። የቀለበት ጣቷ ግን ተልጦ ደም ይዞ ነበር፤ ብረቱን ስትመታ፣ ስትመታ ቆይታ ነው ራሷ ልትነሳ የሞከረችው። በመሀላችን የነበረው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ለዚያ ሌሊት እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ለጥቂት ሳምንታት አንድ ጆሮዬን ብቻ እየሰካሁ ሠራሁ። ይህን አልመክርም። በአንድ ጆሮ ሲሰሙ ድምፁ ስለሚያንስ ሳይታወቅ ከፍ ይደረጋል፤ ክፍቱ ጆሮ የሰማው ነገር ከየት እንደመጣም ግራ ያጋባል።

ከዚያ ስለ ዕቃው ማንበብ ጀመርኩ። የውጭውን ድምፅ ሳያጡ ለማዳመጥ ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ጆሮን ይደፍንና በላዩ ባለው ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ እየተቀበለ መልሶ ያሰማል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ኤርፖድስ ፕሮ እንዲህ ያደርጋል። ሁለተኛው ጆሮ ውስጥ ሳይገባ በሩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ስፒከር ነው። የሶኒ ሊንክበድስማ መሀሉ የተበሳ ቀለበት ነው፤ የውጭው ድምፅ በቀዳዳው ያልፋል። ሦስተኛው ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የጉንጭ አጥንት ላይ ያርፍና በንዝረት ያሰማል፤ ንዝረቱ የጆሮ ታምቡርን ሳይነካ በአጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል፣ የጆሮው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያወድሳል። እኔ ሕመምተኛ ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም ባይ ነኝ። ባትሪው ሲያልቅ ማይክሮፎኑም ይሞታል፤ ያኔ ጆሮ ላይ የሚቀረው የተወተፈ ጎማ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የእናቴን ጥሪ ለባትሪ አደራ አልሰጥም። ሁለተኛው ደግሞ ድምፁን ለክፍሉ ሁሉ እንዳያካፍል ፈራሁ። በአጥንት የሚያሰማውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ በአጥንት ነው የሚሠራው» አለኝ፤ 1,900 ብር ከፍዬ ይዤ ገባሁ። ቤት ስከፍተው የእህቴ ልጅ ከበሩ ላይ ሆና «አክስቴ፣ ሴትዮዋ ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ። ቃለ መጠይቁ እሷ ዘንድ ደርሷል። ደነገጥኩ። ቅርጹ ብቻ ነው የአጥንቱ፤ ውስጡ ያለው ወደ ጆሮ የዞረ ተራ ስፒከር ነው። በኋላ የተማርኩት መፈተኛ ይኸውና፦ ኤርፎኑን አድርጉት፣ ድምፅ ክፈቱ፣ ሁለቱንም ጆሯችሁን በጣታችሁ ድፈኑ። እውነተኛው በአጥንት የሚያሰማ ከሆነ ድምፁ አይጠፋም፣ እንዲያውም ይጎላል። የውሸቱ ከሆነ ይደክማል። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት። ሻጩ ሳጥኑ ተከፍቷል ብሎ አልመለሰልኝም።

ስለዚህ ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ገዝቶ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሾክስ የተባለ ኩባንያ የሚሠራውን፣ በአጥንት የሚያሰማውን ኦፕንሙቭ መረጥኩ፤ 29 ግራም ይመዝናል፣ ባትሪው 6 ሰዓት ይሄዳል። ከእሱ የተሻሉ፣ 8 ሰዓት የሚቆዩም ነበሩ፤ ግን ያኔ ያየኋቸው የሚሞሉት በራሳቸው ማግኔት ገመድ ነው፣ ያ ገመድ ቢጠፋ ጎንደር ውስጥ የት እገዛዋለሁ? ኦፕንሙቭ በታይፕ ሲ ገመድ ይሞላል፣ እሱ በየሱቁ አለ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። ስህተቱ ከእኔ ይጀምራል። የአክስቴን ልጅ በስልክ «የታመመች እናት እንዳለችኝ ጻፍበት፣ አዝነው ቶሎ ይለቁት ይሆናል» አልኩት። እሱም በቅንነት የዕቃው መግለጫ ላይ «በአጥንት የሚያሰማ መሣሪያ፣ ለታማሚ እናት» ብሎ ሞላ።

ዕቃው ደርሷል ተብዬ ሄድኩ። የመረከቢያውን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ወረቀቱን አነበበና «ይሄ የሕክምና መሣሪያ ነው፣ ፈቃድ አምጪ» አለኝ።

«ወንድሜ፣ የስልክ ኤርፎን ነው።»

«ወረቀቱ የሚለው መስሚያ ነው።»

ስልኩን አዙሮ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ከጆሮ ጀርባ በቀዶ ጥገና አጥንት ላይ የሚተከል መስሚያ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእርግጥ አለ፣ የውጭው ወይም የመካከለኛው ጆሯቸው ድምፅ ለማያሳልፍላቸው ሰዎች ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ጥርጣሬ አልኮንነውም። የምኮንነው ሳጥኑ ከጎኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እያየነው «ክፈተውና እይ» ስለው «የእኔ ሥራ ወረቀት ማየት ነው» ማለቱን ነው።

በሁለተኛው ጊዜ የዕቃውን ገጽ በወረቀት አትሜ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ ይዤ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው የለም ተባልኩ። በሦስተኛው ጊዜ ከሐኪም ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ሆስፒታል ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ፣ እናቴን ለጎረቤት ትቼ፣ ካርድ አውጥቼ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሐኪሙ በትዕግሥት ሰማኝና «ጆሮሽ ጤነኛ ነው። መስሚያ ያስፈልጋታል ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ አያስፈልጋትም ብዬ ብጽፍ ደግሞ አይለቁልሽም» አለኝ። እውነቱን ነው። ባዶ እጄን ወጣሁ። የማከማቻው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል።

ባዶ እጄን ስመለስ ያው ወጣት ወረቀቱን እንደገና አየና «ታማሚዋ እናትሽ ናት አይደል? እሷ ራሷ ትምጣ» አለኝ። አልጋ ላይ መሆኗን ነገርኩት። «እንግዲህ አሠራሩ ነው» አለኝ።

ይዣት ሄድኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ፤ እኔና ጎረቤታችን አቅፈን አስገባናት፣ ቀኝ ጎኗን በጋቢ ደግፌ ያዝኳት። የፋሲል ግቢን አጥር ታክከን ስናልፍ ድንጋይ ንጣፉ ባናወጣት ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን መውጣት አትችልም። ጎረቤታችንን ከእሷ ጋር ትቼ ወጣሁና «እናቴ ታች ባጃጅ ውስጥ ናት፣ ወርደህ እያት» አልኩት። መስኮቱን መተው አልችልም አለኝ። ስከራከር ከታች ድምፅ መጣ። ቀለበቷ ነው። የባጃጁን ብረት እየመታች ነው፣ ደጋግማ። በዚያ ሁሉ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ መሀል፣ ከፎቅ ላይ ሆኜ ሰማኋት። ንግግሬን አቋርጬ እየሮጥኩ ወረድኩ። ፀሐዩ መትቷት ነበር። ይዣት ተመለስኩ።

የታመመ ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። አሠራር ነው ቢሏችሁም፣ ደንቡ የት እንደተጻፈ አሳዩኝ በሉ እንጂ ሕመምተኛችሁን ማስረጃ አታድርጉት። እኔ አሳየኝ ሳልል ታዝዣለሁ፤ ይህ ከሰውየው በላይ በራሴ ያናድደኛል።

በመጨረሻው ቀን፣ ከመጀመሪያው በ23ኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለቅስ ከዚያው ቢሮ የሚሠሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አገኙኝ። «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ይዘውኝ ገቡ፣ ሳጥኑን አስወርደው በመቀስ ከፈቱ። «እስኪ አሠሪው» አሉኝ። ከስልኬ ጋር አገናኘሁት፣ መዝሙር ከፈትኩ፣ ጉንጫቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጥቂት አዳመጡና «ይሄማ ኤርፎን ነው!» አሉ። መግለጫው በቀይ ተሰርዞ «የስልክ ማዳመጫ» ተብሎ ተጻፈ። ቀረጡንና ታክሱን ከፈልኩ፣ የ23 ቀን ማከማቻም ከፈልኩ። ከመክፈቻው እስከ ማኅተሙ አሥራ አምስት ደቂቃ አልሞላም። እትዬን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።

ግድግዳው ላይ «የዕቃውን አገልግሎት በዝርዝር ይግለጹ» የሚል ማስታወቂያ አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ በትክክል ይጻፍ። የስልክ ብሉቱዝ ኤርፎን። ለማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ አይጻፍ። አጥንት፣ መስሚያ፣ መስማት የሚሉ ቃላት አጠገቡ አይድረሱ። ደረሰኙ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ። በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑ ፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ፤ መስኮቱ ላይ ያለው እምቢ ካለ አለቃውን ጠይቁ። የመለሳችሁን ሰው ስምና ቀን ጻፉ። እኔ አንዱንም አላደረግኩም።

ስለ አጠቃቀሙ ትንሽ ልበል። ከስልክ ማገናኘቱ ቀላል ነው። ለንግግር ግሩም ነው፤ ቃል ይለያል። ሙዚቃ ላይ ግን ከበሮው ይሳሳል። ድምፁ ከፍ ሲል ጉንጭን ይነዝራል፤ በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ማሰሪያው በማጅራት በኩል ስለሚዞር በሹሩባና በሻሽ ላይ ይንሸራተታል፤ ሻሹን ከሥር አስሬ ማሰሪያውን በላዩ ሳደርግ ተስተካከለልኝ። ድምፅ ጭራሽ አያወጣም የሚለው ልክ አይደለም። ከፍ ከተደረገ ጸጥ ባለ ሌሊት አጠገብ ላለ ሰው ይሰማል።

ማስታወቂያዎች ታምቡሩን ስለማይነካ ጆሮ አይጎዳም ይላሉ። እኔም አምኜው ነበር፤ ያ ሐኪም ነው ያረመኝ። ከፍተኛ ድምፅ የሚጎዳው በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ነው፤ ድምፁ በቀዳዳም ይግባ በአጥንት የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ 4 ሰዓት ብቻ። እኔ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የምሰማበት ጊዜ ስላለ ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው።

ጆሮ ክፍት ነው ማለት ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም። የቅጂው ድምፅ ራሱ ቀለበቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ እናቴ አጠገብ አስቀምጬ፣ በእናቴ ቀለበት የአልጋውን ብረት ቀስ ብላ እንድትመታ አደረግኩ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ድምፁን አንድ አንድ ደረጃ ጨመርኩ። ከ16ቱ ደረጃ በ11ኛው ቀለበቱ ጠፋብኝ። አሁን ከ8 አላልፍም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት እንዲህ ይለካው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ 8ም 16ም አይረዳም። ያኔ ኮምፒውተሩን ዘግቼ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ባትሪው ሰሞኑን ከአራት ሰዓት በላይ አልቆይ ብሏል። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ሌላ በእጁ ይዞልኝ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ ስለ እናቴ አንድም ቃል እንዳይጽፍ ነግሬዋለሁ።