ኦዴሳ፣ ባዕዳን ያቀኗት ከተማ

በሰማንያዎቹ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ስንላክ የእኔ ዕጣ የጥቁር ባሕር ወደብ የሆነችው ኦዴሳ ሆነች፤ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ናት። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ ጀርመን ነው የምኖረው። ግን በዜና የኦዴሳ ስም በተነሳ ቁጥር አሁንም ድንግጥ እላለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃት በሚሳይል ዜና ብቻ ስለሆነ ትንሽ ታሪኳን ላውጋችሁ።

ቦታው ላይ ቀድሞ ሐጂቤይ የሚባል የኦቶማን ቱርክ ምሽግ ነበር። ሩሲያ በ1789 ያዘችው። በ1794 ንግሥት ካትሪን ከተማና ወደብ ይሠራ ብላ አዘዘች። ሥራውን የመራው ኔፕልስ የተወለደው ዴ ሪባስ ነው። ከ1803 ጀምሮ 11 ዓመት ያስተዳደራት ደግሞ ፈረንሳዊው መስፍን ሪሼልዩ ነው። የአገሩን አብዮት ሸሽቶ የወጣ ስደተኛ ነበር፤ ኋላ ተመልሶ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ አርመኑ ስንዴ ሊነግድ ጎረፈ። ከ1819 እስከ 1859 ወደቡ ከቀረጥ ነፃ ነበር። ኦዴሳን ያደለባት ይህ ነው። ስንዴና መጤ።

ከወደቡ ወደ ከተማው የሚያወጣው ታዋቂ ደረጃ 192 መርገጫ አለው። ከታች ስታዩት ደረጃ ብቻ ነው። ከላይ ስታዩት ግን ደረጃው ይጠፋና ማረፊያዎቹ ብቻ ይታያሉ። አናቱ ላይ የሪሼልዩ ሐውልት ቆሟል። ከዚያ በዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ ስትራመዱ ፑሽኪንን ታገኛላችሁ።

ባለቅኔው በ1820 ከዋና ከተማው ከሴንት ፒተርስበርግ ተባርሮ፣ በ1823 ነው ኦዴሳ የገባው። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። የሐበሻ ልጅ ነው የሚሉ አሉ፤ ከቻድ አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ለእኛ ለተማሪዎቹ ግን ያገራችን ልጅ ነበር፤ ፎቶ የምንነሳው እሱ ጋ ነው። ገዢው ቮሮንትሶቭ አንበጣ ያደረሰውን ጉዳት አጥና ብሎ ገጠር ላከው። ከገዢው ጋር ስላልተስማማ በ1824 ከከተማዋ እንዲወጣ ተደረገ። ከኦዴሳ ብዙም የማትርቀውን ኬርሶንን ያሠራው ደግሞ የአብራም ልጅ ኢቫን ጋኒባል ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያኔ በበጋ ከተማዋ ሌላ ትሆን ነበር። ከሳይቤሪያ ሳይቀር ሠራተኛው የሠራተኛ ማኅበሩ በሰጠው የዕረፍት ወረቀት እየመጣ አርካዲያ የባሕር ዳርቻ መቆሚያ ይጠፋ ነበር። ሕመምተኛው ኩያልኒክ ይወርድ ነበር። ኩያልኒክ ከባሕሩ የተቆረጠ የጨው ሐይቅ ነው፤ ከ1833 ጀምሮ ሰው በጭቃው ሲታከምበት ኖሯል። ሽማግሌውም አሮጊቷም ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ጭቃ ተለቅልቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፀሐይ ላይ ቆመው ይደርቁ ነበር። እኛ አገር ጠበል እንደሚሄደው ሰው ተስፋቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ፕሪቮዝ ገበያ ውስጥ የተቆላ ሱፍ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሳንቲሜን ተቀብለው ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ይጨምሩልኛል። «ከስተሃል ልጄ፣ እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?» ይሉኝ ነበር። አይሁዳዊት ናቸው። በ1941 ከተማዋ 73 ቀን ተከባ ከወደቀች በኋላ የሩማንያ ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶችን ጨፍጭፏል። እሳቸው ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አላወሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር ወደቦቹ ተዘጉ፣ ስንዴው ጎተራ ውስጥ ቀረ። በጁላይ ስምምነት ተደርጎ፣ በኦገስት «ብሬቭ ኮማንደር» የምትባል መርከብ ከኦዴሳ አጠገብ ካለው ፒቭደኒ ወደብ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ወጣች። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በድርቅ ለተጎዱ ወገኖቻችን የላከው ነው። በስልኬ ካርታ ላይ መንገዷን ስከታተል ከረምኩ። ኦገስት 30 ጅቡቲ ስትደርስ በየአገሩ የተበተንነው የኦዴሳ ተማሪዎች ስልክ ስንደዋወል አመሸን። አንዱ ጓደኛዬ «እኛን ያበላው ስንዴ ቤተሰብ ጋ ሄደ» ብሎ አለቀሰ።

በጃንዋሪ 2023 ዩኔስኮ መሐል ከተማዋን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበ። በዚያው ዓመት ጁላይ ትልቁ ካቴድራል በሚሳይል ተመታ። ሰላም ሲወርድ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል፤ መጀመሪያ ፕሪቮዝ፣ ከዚያ አርካዲያ።