ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድንን ተከትሎ ድሬዳዋ መውረድ

ቡድኔ በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ተቀርቅሮ በነበረበት የውድድር ዘመን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ ወርጄ ከባለሜዳው ጋር ያደረገውን ጨዋታ ተመለከትሁ። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ በዚያ ዓመት በየጋዜጠኛው አፍ የተብጠለጠለው ይበቃዋል። ጉዞውን ያሰብሁት ድል አያለሁ ብዬ አልነበረም። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የማየው ሽንፈት ለምን አንድ ዓይነት መልክ እንደሚይዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው አጋማሽ ደህና ተጫውተን ከእረፍት በኋላ ለምን እንደምንፈርስ ሊገባኝ አልቻለም ነበር። ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ስለሆነ ኳስ ያልያዙት ተጫዋቾች የት እንደቆሙ ከቤት ሆኖ ማየት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ በሚባሉት የተመልካች መቀመጫዎች ተቀምጦ ያደገ ደጋፊ ቡድኑን በአካል የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ጨዋታ ለሁለቱም ቡድኖች ባዕድ በሆነ ሜዳ ስለሚደረግ ድባቡም የቀዘቀዘ ነው። የእንግድነት ስሜት ያለው ጨዋታ የሚገኘው ከአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ጋር ሲገጥሙ ነውና መርሐ ግብሩ እንደወጣ የፈለግሁት ይህንኑ ቀን ነበር። ቀንና ሰዓት ሊሸጋሸግ ስለሚችል ግን የጉዞ ትኬቴን የቆረጥሁት በጨዋታው ሳምንት እንደገና ካረጋገጥሁ በኋላ ነው።

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከለቡ የሚነሳ ባቡርም አለ። እኔ የመረጥሁት አውቶቡስ ነው፤ በዋናነት ለዋጋው፣ በከፊልም ለመንገዱ። አዋሽን አልፎ በጭሮና በቁልቢ ደጋ ለደጋ የሚሄደው መንገድ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይጀምራል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ በመስኮት የሚገባው አየር ይለወጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ለእግር ኳስ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የጀመርሁት ግን እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

የደረስሁት ከጨዋታው አንድ ቀን አስቀድሜ ነው፤ እንዲህ ላለ ጉዞ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ረፋዱን በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር እየተዘዋወርሁ ውሃ በብዛት ጠጣሁ፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ወደ በርጫው፣ ማለትም ወደ ጫት መቃሙ፣ ሲሰበሰብ እኔ ወደ ስታዲየም አመራሁ። ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበሏ አይቀርምና ጀርባውን ለምዕራብ የሰጠ መቀመጫ መረጥሁ፤ የባለሜዳው ደጋፊ የሚበዛበት ቢሆንም ከፍ ያለውን ረድፍ ያዝሁ። ለሜዳው ቅርብ መሆን ለስሜት ጥሩ ነው፤ የቡድንን አቋቋም ለማየት ግን ከፍታን የሚያህል የለም።

ርቀትን ለመገመት የሜዳውን መስመሮች ተጠቀምሁ። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ከግቡ መስመር እስከ ፊቱ ድረስ 16.5 ሜትር ነው፤ በዚህ መለኪያ ተከላካዮቻችንና አማካዮቻችን ምን ያህል እንደተራራቁ መከታተል ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክፍተቱ ከዚህ ልክ አያልፍም ነበር፤ አጥቂዎቻችን እየተጫኑ፣ አማካዮቹ እየተከተሉ፣ ተከላካዮቹም ወደ መሃል ሜዳው እየተጠጉ ስለነበር ባለሜዳው ለመተንፈስ ተቸግሮ ነበር። አንድ ጎልም አገባን። በ30ኛው ደቂቃ አካባቢ ዳኛው ተጫዋቾቹ ውሃ እንዲጠጡ ጨዋታውን አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ግን ሌላ ቡድን ነበር። አጥቂዎቹ መጫናቸውን አቆሙ። ተከላካዮቹ ከኋላቸው የሚጣለውን ረጅም ኳስ ፈርተው ወደ ግባቸው አፈገፈጉ። አማካዮቹ ግን የትኛውን ወገን እንደሚከተሉ ሳይወስኑ መሃል ላይ ቀሩ። ክፍተቱ በእጥፍ ሰፋ፤ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የባለሜዳው አማካይ ኳስ ተቀብሎ ዞሮ፣ ቀና ብሎ፣ መርጦ ያቀብል ጀመር። ከእረፍት በኋላ የገቡብን ሁለቱም ጎሎች የተጀመሩት ከዚያው ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ፊት ስረግመው የኖርሁት የመሃል ተከላካይ የመጨረሻው ስህተት ስለሚታይበት ብቻ ነበር የሚወቀሰው፤ ቀዳዳው የሚከፈተው ከእርሱ ርቆ፣ ካሜራው በማያሳየው በኩል ነው።

አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ስቁነጠነጥ አይተው ሳቁብኝ። «አቦ ተው፣ ልጆቹን አትውቀስ! በድሬ ፀሐይ መጀመሪያ የሮጠ ኋላ ይቀመጣል። የኛዎቹ ጨዋታቸው ከእረፍት በኋላ ነው።»

«ይህንን አሰልጣኛችን ቢሰማዎት ጥሩ ነበር፣ አባባ» አልኋቸው።

«አንተ ንገረው እንጂ፣ እኔ ምን አገባኝ!»

በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተመደቡበት ምድብ የተጫወተው በድሬዳዋ ነበር፤ እርሳቸውም በኋላ ዋንጫውን የወሰዱትን ሞሮኮዎች በወጣትነታቸው ማየታቸውን አጫወቱኝ። በባለሜዳ ደጋፊዎች መካከል መቀመጥን በሁሉም ሜዳ አልመክርም፤ እዚያ ግን ምላስን ለሰበሰበ እንግዳ ከራስ ወገን ጋር ተኮራርፎ ከመቀመጥ የበለጠ ያስተምራል።

2 ለ 1 ተሸነፍን። የእኛ ጥቂት ደጋፊዎች መውጫው ላይ ያንኑ የመሃል ተከላካይ ሲሰድቡ አገኘኋቸው፤ ያየሁትን ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ከአንዱ በቀር ያዳመጠኝ አልነበረም። በቀጣዩ ጨዋታ አሰልጣኙ አንድ አጥቂ ቀንሶ አማካይ ጨመረና ያለ ጎል አቻ ወጣን። አንዷ ነጥብ ከወራጅ ቀጠናው አላወጣችንም።